ከኋላዋ የቆመችው

መብራት በጠፋበት ከተማ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ አንድ ሰው ብቻ ፎቶ ማንሳት ይችላል ቢባል ያ ሰው ሻማው ነበር። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ፍላሽ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ «አንድ ሻማ አብሩልኝና የቀረውን ለኔ ተዉት» ይላል። እንዲያውም ሻማዋም ትርፍ ናት። ሰው ክብሪት ጭሮ እስኪያጠፋ ባለው ብርሃን ሙሽራ አንስቶ፣ የሙሽራዋ እናት ፎቶውን ስታይ ልጇን እንደ አዲስ የዳረች ያህል አልቅሳለች። የሰፈሩ ድመቶች በጨለማ መንገድ ሲጠፋቸው እሱን ነበር የሚከተሉት።

የዚህ ሁሉ ዝና ምንጭ ደረቱ ላይ የምትንጠለጠለው ሬንጅፋይንደር የምትባል ጥቁር ካሜራ ነበረች። ዲጂታል ናት፤ ግን ከዲጂታልነቷ በቀር ጠባይዋ ሁሉ የድሮ ሰው ጠባይ ነው። ራሷ አታስተካክል፣ ራሷ አትወስን። ሌንሷ ሩቁን ወደ አንተ ስቦ አያመጣልህም፤ መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይቀርባል። የመክፈቻዋ ቁጥር አንድ ነጥብ አራት ላይ ሲደረግ ግን ሌንሱ ቧ ብሎ ይከፈትና ብርሃንን እንደ በረሃ ግመል ይጠጣዋል። ታዲያ ያን ጊዜ በፎቶው ላይ ጥርት ብላ የምትወጣው አንዲት ቀጭን ስንጥር ብቻ ናት፤ ሽፋሽፍት ጥርት ሲል ጆሮ ጭጋግ ውስጥ ይገባል።

ያቺን ስንጥር ፈልጎ የሚያገኛት ሰውየው ነው። በካሜራዋ የዓይን ማያ ቀዳዳ መሀል አንዲት ትንሽ ብሩህ አራት ማዕዘን አለች። በእሷ ውስጥ የሚታይ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት በጣት ሲያዞሩት ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ይቀራረባሉ፣ አንዱ ሌላው ላይ ይተኛል። አንድ ሲሆኑ፣ ጠቅ!

«ሁለቱን አንድ በማድረግ የሚስተካከለኝ ቢኖር አጋቢው ቄስ ብቻ ነው» እያለ ይፎክር ነበር። በካሜራዋ ጀርባ ያለውን ስክሪን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል። ያነሳውን መልሶ ማየት የፈሪ ነው ባይ ነው።

ከፒያኖ አስተማሪዋ ጋር ያገናኘውም ይኸው ጉራው ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ሊያነሳ የሄደ ዕለት፣ አንዲት ሴት ግማሽ አካሏ ፒያኖ ሆድ ውስጥ ገብቶ አገኛት።

«እባክህ አትናገር» አለችው ቀና ሳትል። «እነዚህ ሁለት ክሮች ገና አልታረቁም።»

ለአንድ ድምፅ ከአንድ በላይ ክር እንዳለ፣ ክሮቹ እኩል ካልተወጠሩ ድምፁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሲስማሙ ግን እንደ አንድ ሆነው ዝም ብለው እንደሚፈስሱ አስረዳችው። ሻማው አፉን ከፍቶ አዳመጠ፤ እሱ አፉን ከፍቶ ሌላ ሰው ሲናገር የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

«የኔ እመቤት፣ አንቺ በጆሮሽ የምትሠሪውን እኔ በዓይኔ ነው የምሠራው» አላት።

«እስኪ አሳየኝ» አለች። ካሜራዋን ሰጣት። በማያው አየችው፣ ቀለበቱን አዞረች፣ እና ድንገት ሳቀች። «ሁለት ነበርክ እኮ! ሁለት ጉረኛ! ይኸው አንድ አደረግሁህ።»

ከዚያች ቀን ወዲህ በዓለም ላይ ሌላ ሴት መኖሯን ለሻማው የነገረው ሰው የለም። ቢነግረውም አያምንም።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አባቷ የዓይን ሐኪም ናቸው፤ እንደው ለወጉ ሐኪም እንላለን እንጂ የከተማው ግማሽ ሕዝብ ፀሐይን የሚያየው በእሳቸው ቸርነት ነው። ልጃቸው ሰርግ ለሰርግ ከሚዞር ሰው ጋር መዋሏን ሲሰሙ ለሳምንት ሾርባ አልወርድ አላቸው። በመጨረሻ ሻማውን አስጠርተው ሳሎናቸው ውስጥ ያለውን ትልቅ ባዶ ግድግዳ አሳዩት።

«ልጄን አንሳልኝ። እዚህ እሰቅላታለሁ። እንደምትለው ከሆንክ ዓይኗ ውስጥ ያለውን አሳየኝ። ያኔ እኔም አንተ ውስጥ ያለውን ለማየት እሞክራለሁ።»

«ዶክተር፣ ዓይኗን ብቻ? ዓይኗ ውስጥ እርስዎ ራስዎ ቆመው ይታያሉ!»

እሷ በዚያው ሰሞን ሩቅ ከተማ ካለ ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጣላትን ሥራ «አልመጣም» ብላ መልሳ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። ሻማው ግን ያውቃል፤ ማታ ማታ ብቻውን ሲሆን ያንን እያሰበ ትራሱን አቅፎ ይስቅ ነበር።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ፒያኖው ላይ ከነበረችው አንዲት መብራት በቀር ብርሃን በሌለበት አነሳት። የአክስቷ ልጅ ከኋላዋ ቆማ የኖታውን ገጽ ታገላብጥላት ነበር። እሷ ትጫወታለች፤ እሱ ቀለበቱን ያዞራል፤ እሷ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ጠቅ።

ለማንም ያልነገረው ነገር ግን ነበረ። ካሜራዋ ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠባይ አበላሽታለች። በዚያች ብሩህ አራት ማዕዘን ውስጥ ሁለቱ አንድ አልሆን ይላሉ። አንድ ሆኑ ሲል ሌላ ሦስተኛ ጥላ ብቅ ይላል፤ መብራት ሁሉ ጢም ያበቅላል። ጠጋኝ ዘንድ ወሰዳት። ጠጋኙ ፈትሾ ፈትሾ «ካሜራህ ከአንተም ከኔም የተሻለ ጤና አላት» ብሎ መለሰለት። ሻማው ታዲያ ጠጋኙን ጠረጠረ፣ አቧራውን ጠረጠረ፣ የአዳራሹን መብራት ጠረጠረ። የገዛ ዓይኑን መጠርጠር ግን ባሕርን «ደርቀሽ ይሆን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነበር።

ፎቶዎቹን በትልቁ የሚያትምለት ሰው «እርግጠኛ ነህ? እነዚህን ነው የማትመው?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ማንን ነው የምትጠይቀው?» አለው ሻማው። አታሚው አተመ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘመድ አዝማድ ሳሎኑን ሞልቶት ሻማው በቡናማ ወረቀት የተጠቀለሉትን ሦስት ፎቶዎች ተሸክሞ ገባ። አንዱ ብቻውን የሰው ቁመት ያክላል።

«አማቻችን!» አለችው የአክስቷ ልጅ፣ ነገር የማያልቅባት ቀልደኛ። «ፎቶ ነው ወይስ የሰው በር ነቅለህ ነው የመጣኸው?»

«በር ነው! ሰማይ የሚገባበት!»

ፒያኖ አስተማሪዋ ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ትስቅ ነበር። ሰማያዊ ሻርፗን ለብሳለች፤ ከሰው መሀል እሷን ለማግኘት ሻማው የሚፈልገው ያንን ሰማያዊ ነበር። ወደ ሰማያዊው ዓይኑን ጣለና ወረቀቱን ቀደደው።

ዝም አሉ።

ሻማው ዝምታውን በደንብ ያውቀዋል፤ ሰው ከውበት ፊት ሲቆም ቃል ያጣል። አልቸኮለም። ሁለተኛውን ቀደደ። ሦስተኛውን ቀደደ። ዝምታው እየከበደ ሄደ። ደረቱን ነፋ፤ ለጭብጨባ እጅ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

«ውይ…» አለች የአክስቷ ልጅ። «እኔ ነኝ እንዴ?»

በሦስቱም ፎቶዎች ላይ ከፊት የተቀመጠችው ሴት በእንፋሎት በተሸፈነ መስታወት የምትታይ ትመስላለች። ፊት አላት፤ ዓይን የላትም። ከኋላዋ የቆመችው ግን ጥርት ብላለች! ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል፤ የአንገትጌዋ ስፌት፣ ጣቷ ላይ የተጣበቀችው የቀለም ጠብታ፣ ሁሉም በሕይወት ያለ ይመስላል።

«አይ ፎቶ አንሺ!» አለ አጎቷ ጭኑን እየመታ። «ዓይኑ የት እንደነበር ካሜራው መሰከረበት!»

ሰው ሳቀ። የአክስቷ ልጅ አልሳቀችም። ሰማያዊው ሻርፕም ከጥጉ አልተንቀሳቀሰም።

«ሦስቱም እንደዚህ ናቸው?» አለች ፒያኖ አስተማሪዋ፣ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ተጠጉ። የተጠጉት ወደ ፎቶው አልነበረም፤ ወደ ሻማው ፊት ነበር። «አምልጦህ ነው?» አሉት ቀስ ብለው። «እስኪ ወደ ብርሃኑ ዞር በል። ዓይንህ…»

ሻማው ያኔ ነው የደነገጠው። የዓይን ሐኪም እፊቱ ቆሟል። አንዲት ቃል ብትወጣው ነገ በከተማው «ዓይን የሌለው ፎቶ አንሺ» ይባላል። ይህ ሰው ደግሞ ልጁን ለማያይ ሰው አይሰጥም። ሰባት ትውልድ የሚያክል ኩራት ከእግሩ ጥፍር ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ደረሰ።

«እኔ? እኔ ልስት? ዶክተር፣ ይህ ሌንስ ያላዘዝኩት ቦታ አርፎ አያውቅም! ሆን ብዬ ነው!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ሰማያዊው ሻርፕ ከሳሎኑ ወጣ።

የፒያኖው ክፍል ውስጥ አገኛት። በሩን እሷ ራሷ ዘጋችው። ቁጭ ብላ አንዲት ቁልፍ በጣቷ መታች። ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«ይሰማሃል? አንዷ ክር ረግባለች። ከመጠገኔ በፊት መጀመሪያ የማደርገው ምን መሰለህ? ተበላሽቷል ብዬ አምናለሁ። በቃ፤ ሌላው ቀላል ነው።»

«የኔ እመቤት…»

«አትጥራኝ። ልጠይቅህ። እሷን እንደማትወዳት አውቃለሁ። አውቃለሁ ብዬ ነው እዚህ የቆየሁት። ስቻለሁ በለኝ፤ ሌላ አልፈልግም። እጄ ተንቀጠቀጠ በል፣ አስነጠሰኝ በል፣ ውሸትህን ተናገር። አንተ ውሸት መቼ አጥተህ ታውቃለህ? ዛሬ ለኔ አንዲት ትንሽ ውሸት ዋሽልኝ። ስቻለሁ በል፤ እኔ አምንሃለሁ።»

አያት። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊቷ ላይ ወድቆ ነበርና ሁለት ሆና ታየችው። ሁለት እሷ። ሁለቱም ያለቅሳሉ። የትኛዋን አይቶ እንደሚናገር አላወቀም። ጣቱ ሳያውቀው በአየር ላይ የሌለ ቀለበት ሊያዞር ተንቀሳቀሰ።

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ከኋላው በሩ ውጪ የዘመዶቿ ሳቅ ተሰማው፤ የአባቷ ጉሮሮ መጥረግ ተሰማው።

«እኔ አልስትም» አለ።

እሷ የፒያኖውን ክዳን ሕፃን እንደሚያለብሱ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«እንግዲያው የምትስተው እኔን ብቻ ነው» አለች። «ያንን ሥራ እቀበላለሁ።»

ሻማው ከዚያ ክፍል የወጣው በእግሩ ነው፤ ነፍሱ ግን እዚያው የፒያኖው ክዳን ሥር ቀርታ፣ ተዘግቶባት ነበር።

ስልኩን አታነሳለትም። እቤቷ ሲሄድ የለችም ይባላል፤ ከላይ ፎቅ ግን ያው የረገበች ክር ስትንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ፎክሮ መኖር የለመደ ሰው ዝም ሲል ቤቱ ራሱ ይፈራዋል፤ ግድግዳዎቹ ጉራው ናፍቋቸው ሊሰነጠቁ ነበር። አንድ ጠዋት ሻይ ሲቀዳ ስኒው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። የፈሰሰውን ሻይ እያየ ቆሞ ቆየና፣ ኮቱን ለብሶ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ክሊኒክ ሄደ።

ዶክተሩ ምንም አልጠየቁትም። አስቀመጡትና በሁለቱም ዓይኖቹ ጠብታ ጨመሩለት።

«ብሌኑን የሚያሰፋ ነው። በአንተ ቋንቋ፣ ሌንሱን ቧ አድርጌ ከፈትኩት» አሉ። ቆይተው በመሣሪያቸው አዩት። ከወንበራቸው ወደ ኋላ ሲሉ ወንበሩ ጮኸ። «የዓይን ሞራ ነው። የቀኙ በስሏል፣ የግራው ጀምሮሃል። ከዕድሜህ ቀደም ብሎ መጥቶብሃል እንጂ ሌላ አይደለም። ሁለት ሆኖ የሚታይህ በዚህ ነው።»

«እና… እታወራለሁ?»

«ምን ትታወራለህ! ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አውጥቼ አዲስ ሌንስ አስገባልሃለሁ። በቀን ስንቱን የምሠራው ነው።»

«ግማሽ ሰዓት?»

በዕድሜው ሙሉ ዝንቡን ዝሆን ሲያደርግ የኖረው ሻማው ይህችን ነገር ሊያገንናት ሞከረና አቃተው። ትንሽ ነበረች። የገደለው ትንሽነቷ ነው።

«የዚያን ዕለት አውቀው ነበር፣ ዶክተር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ሰው ልቡ ቢሸፍት አንዱን ፎቶ ያበላሻል። ሁሉንም በአንድ ልክ የሚያበላሽ ዓይን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ንጹሕ ነበር፤ ደግመው ጠረጉት። «አንተ ሆን ብዬ ነው አልክ። አባትም ነኝ እኮ። እውነቱን ልንገርህ? ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ማታ ከፎቅ ስታለቅስ ሰማኋትና በራሴ አፈርኩ። ልነግራት ብወጣ፣ አባዬ ስሙን እንዳታነሳብኝ አለችኝ።» ድምፃቸው ወረደ። «ዛሬ ነው የምትሄደው። አሁን። አውቶቡስ ተራ ናት። ሽኝት አልወድም ብላ እኔን አስቀርታኝ… ቆይ! ወዴት ነው? ጠብታው እኮ ገና ዓይንህ ውስጥ ነው! ዛሬ ብቻህን መንገድ አይወጣም!»

ሻማው ግን ደረጃውን ወርዶ ጨርሶ ነበር።

ውጪ ፀሐይ ጠበቀችው። ዕድሜውን ሙሉ ብርሃን ሲለምን የኖረ ሰው ዛሬ ብርሃን ሁሉ ዕዳውን ሊከፍለው በአንዴ የመጣ መሰለ። ዓለም ቧ ብላ ተከፈተች። መንገዱ ወተት ሆነ፣ መኪናዎቹ ቀለም ብቻ ሆኑ፣ ሰዎች እንደ ነበልባል ተንቦገቦጉ። ጥርት ያለ ነገር አንድም አልነበረም። ከሰው ተጋጨ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከግንድ ተጋጨ፣ ግንዱንም ይቅርታ ጠየቀ። የበረሃ አንበጣ ሁሉ ቢከተለው በማይደርስበት ፍጥነት ሮጠ።

አውቶቡስ ተራ ሲደርስ በጩኸቱ ነው ያወቀው። የአንዱን ዕቃ ጫኝ ክንድ ያዘና የከተማዋን ስም ነገረው።

«ያውልህ፣ ሞተሩን ያስነሳው። ዓይንህ ፊት አይደለም እንዴ ያለው?»

ወደ ትልቁ ነጭ ነገር ሮጠ። መስኮቶቹ ውስጥ ፊቶች እንደ ዱቄት ተበትነዋል። ፈለገ። ከፊት ፈለገ፣ ከመሀል ፈለገ፣ እና ወደ ኋላ፣ መጨረሻው መስኮት ላይ፣ ሰማያዊ! ሁለት ሰማያዊ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሳፈፈ።

«ስቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። አውቶቡስ ተራው ሁሉ ዞረ። «ስቻለሁ! ሰምተሻል? ዓይኔ ነው! ሞራ ነው! ሁለት ሆነሽብኝ ነው! እኔ ነኝ የሳትኩት!»

ሞተሩ አገሳ። ሻማው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አወዛወዘ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ትንሽ ዘንበል አለ። ከዚያ አንድ እጅ ብቅ አለና ወደ እሱ ተወዛወዘ።

ተወዛወዘ! ከዓለም መፈጠር ጀምሮ ከተወዛወዙት እጆች ሁሉ እንደዚያ ያለ የለም። ሻማው እየሳቀ፣ እንባው ከጠብታው ጋር እየተቀላቀለ፣ ከአውቶቡሱ ጎን ጎን እየተደናቀፈ ሮጠ፤ በእጁ መሳም ወደ መስኮቱ ላከ። አውቶቡሱ በሩን አልፎ፣ በብርሃኑ ውስጥ ሟሙቶ እስኪጠፋ ድረስ በዚህች ምድር ላይ ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

አንድ እጅ ትከሻውን ያዘው።

«አንተ» አለች የአክስቷ ልጅ። እሷ ናት ሸኚዋ። ትንፋሽ አጥሯታል። «ለማን ነው እንዲያ የምትሆነው?»

«ይቅር አለችኝ! አላየሽም? እጇን አወዛወዘችልኝ!»

«ማን?»

«ከኋላው መስኮት! ሰማያዊዋ!»

እጇ ትከሻው ላይ ከበደ።

«እሷ ከሹፌሩ ጀርባ ነበረች» አለች። «አንተን ስታይ ብድግ አለች። መስታወቱን ልትከፍት ታገለች፣ አልከፈት አላት። በእጇ ደበደበችው። በሞተሩ ጩኸት የምትለው ለኔም አልተሰማኝ፣ እንኳን መስታወት ለተዘጋባት። አንተ በአጠገቧ አልፈህ ሄድክ። በአጠገቧ እኮ ነው! ከኋላ የነበሩት አንዲት የማናውቃቸው አሮጊት ናቸው፣ ሰማያዊ ነጠላ ነገር የለበሱ። ሲያዩህ አዝነው ሰላም አሉህ። ከዚያ እሷ ተቀመጠች። ፊቷን አዞረች።»

ሻማው ድምፅዋን ተከትሎ ዞረ፤ ዓይኑ ግን ከፊቷ አልፎ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«አንተ… ምን ሆነህ ነው? ፊት ለፊትህ እያለች እንዴት…» እጇን በዓይኑ ፊት ቀስ አድርጋ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አሳለፈችው። «አታይም እንዴ?»

ሊፎክር አፉን ከፈተ። ያ ድሮ ከእግሩ ጥፍር የሚነሳው ነገር ዛሬ አልተነሳም።

«አላይም» አለ። «ከዚያን ዕለትም በፊት አላይም ነበር። ሁለት ሆና ነበር የምትታየኝ። ሁለቱንም እወዳት ነበር።»

የአክስቷ ልጅ ስልኳን አወጣች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። አሁንስ ጭራሽ ዝግ ነው አላት። ሁለቱም በዚያ ሁሉ ብርሃን መሀል ቆሙ። ሻማው ወደ መንገዱ፣ ምንም ጥርት ብሎ ወደማይታይበት ወደዚያ ነጭ፣ ፊቱን መልሶ ቆየ። አንዲት ሴት እያለቀሰች የለመነችው ቃል በመጨረሻ ወጥቶ ነበር። ያረፈው ግን፣ እንደ ፎቶዎቹ ሁሉ፣ ከኋላዋ በቆመችው ላይ ነው።